ሩሽድ መቼ ይመጣል?

ልጆቻችሁን ሶደሬ ወስዳችሁ ከሆነ አይታችኋል። የአምስት ዓመቱ «ቆይ» ሲሉት ዘሎ ውኃ ይገባል። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን ሲሆን ያመዛዝናል፤ ጓደኞቹ ሲያዩት ግን ይወረወራል።

ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 6 የቲሞች እንዲፈተኑ፣ ለጋብቻ ዕድሜ ደርሰው ሩሽድ (የብስለት ማስተዋል) ሲታይባቸው ገንዘባቸው እንዲሰጣቸው ያዛል። ዕድሜ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። በ150 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አቡ ሐኒፋ የኩፋ ጨርቅ ነጋዴም ነበሩና ገንዘብ በወጣት እጅ እንዴት እንደሚቀልጥ ሳያውቁ አይቀሩም። የአባካኙ ገንዘብ እስከ 25 ዓመቱ ይያዝ፣ ከዚያ ግን ይሰጠው አሉ፤ በዚያ ዕድሜ ሰው አያት ሊሆን ይችላልና! ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ሩሽድ ካልታየ ቢሸብትም አይሰጠው ብለው ተለዩዋቸው።

የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. 18 ዓመትን ወሰነ። በቅርብ አሥርተ ዓመታት አንጎልን በመሣሪያ ያነሡ ተመራማሪዎች ደግሞ ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ችኮላን የሚገታው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እንደሚጎለብት አገኙ። ተአምር ልለው አልደፍርም፤ ኢማሙ የሚያውቁት ሰውን ነበር።

እኔን የያዘኝ «ፈትኑ» የሚለው ነው። ሐነፊዮች ልጁ ሳይጎለምስ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ይገበያይ ይላሉ። እኔም ወደ ሶደሬ ስንሄድ የመንገዱን ገንዘብ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ አስያዝኩት። የመመለሻው ጎደለ።