ፍርሃትን ከመምከር ወደ መፈተን

ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀው ሰው መካሪ አያጣም። «አይዞህ፣ ማን ምን ይልሃል?» ይሉታል፤ ምክሩ ግን ጠብ አይልለትም። የማኅበራዊ ጭንቀት ሕክምና ታሪክም ባለሙያዎች ከዚህ ዓይነቱ ምክር ለመራቅ የተጓዙት መንገድ ነው። ሕክምናው የሰመረው ታካሚውን ማሳመኑን ትቶ ፍርሃቱን ራሱ እንዲፈትነው ሲያደርግ ነው።

ችግሩን ለይቶ ማወቁም ጊዜ ወስዷል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ሃርተንበርግ በ1901 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዓይን አፋርነት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒየር ዣኔ ሰው እያያቸው መናገር ወይም መጻፍ የሚያስፈራቸውን ሕመምተኞች ገለጸ። በ1966 የለንደኖቹ አይዛክ ማርክስና ማይክል ጌልደር ይህ ፍርሃት ከሌሎቹ በተለየ ብዙ ጊዜ በጉርምስና እንደሚጀምር አሳዩ። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ የሰፈረው ግን በ1980 ነው።

ሕክምናው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው መጋፈጥ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ በ1950ዎቹ ታካሚው ሰውነቱን እያፍታታ የሚፈራውን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በሐሳቡ እንዲያይ ያደርግ ነበር። ሁለተኛው የአስተሳሰብ ሕክምና ነው፤ የኒውዮርኩ አልበርት ኤሊስና የፊላደልፊያው አሮን ቤክ ሰውን የሚያስጨንቀው ለነገሩ የሚሰጠው ትርጉም ነው ብለው ተነሡ። ኤሊስ ራሱ ዓይን አፋር ነበር። እሱ እንደተረከው፣ በ19 ዓመቱ በብሮንክስ የዕፅዋት ማሳያ ለብቻቸው የተቀመጡ 130 ሴቶችን በአንድ ወር ውስጥ አናገረ። 30ዎቹ ተነሥተው ሄዱ፤ ከቀሩት አንዷ ብቻ ቀጠሮ ሰጠችው፤ እሷም ቀረች። ሆኖም የጮኸበትም ሆነ ፖሊስ የጠራበት አልነበረም፤ ፍርሃቱም ለቀቀው።

ሁለቱን መንገዶች አጣምሮ በጥናት የፈተነው ሪቻርድ ሃይምበርግ ነው። በኦልባኒ ታካሚዎችን በትንንሽ ቡድን ሰብስቦ፣ የሚፈሩትን ሁኔታ እዚያው ክፍሉ ውስጥ እያስመሰሉ እንዲለማመዱና በዚያው ቅጽበት የሚመጣባቸውን ሐሳብ እንዲመረምሩ አደረገ። በ1990 የታተመው ጥናቱ ሌላ ቡድንም ነበረው። እሱም ለ12 ሳምንት ይሰበሰብ ነበር፤ የሚሰጠው ግን ትምህርትና ማበረታቻ ብቻ ነበር። ሁለቱም ተሻሻሉ፤ የበለጠ የተሻሻለው ግን የተለማመደው ነው።

አንድ እንቆቅልሽ ቀረ፦ ብዙዎች በየቀኑ ከሰው ጋር እየዋሉ ለምን አይለምዱትም? የእንግሊዞቹ ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ በ1995 መልስ ሰጡ። ሰውየው በሰው መሐል ቢሆንም ዓይኑ ወደ ውስጥ ነው፤ የልቡን ምት እያዳመጠ «እንዲህ ሆኜ እየታየሁ ነው» ይላል። እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ብርጭቆውን አጥብቆ ይይዛል፤ እንዳይሳሳት የሚናገረውን አስቀድሞ በልቡ ይደጋግማል። ነገሩ በሰላም ሲያልፍ «ያዳነኝ ጥንቃቄዬ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ፍርሃቱም ሳይፈተን ይቀራል።

ስለዚህ ታካሚው አንድ ጊዜ ጥንቃቄውን ሁሉ ይዞ፣ ሌላ ጊዜ ጥሎት ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲጨዋወት ይደረጋል፤ ይህም በቪዲዮ ይቀረጻል። ከማየቱ በፊት ምን እንደሚያይ በዝርዝር ይናገራል፦ ፊቴ ምን ያህል ቀልቷል? ስንት ጊዜ ተንተባተብኩ? ከዚያ ራሱን እንደ ባዕድ ሰው ይመለከታል። ብዙ ጊዜ የሚያየው የፈራውን ያህል አይደለም፤ ይልቁንም ጥንቃቄው ራሱ ነው ኩርፍተኛ ያስመሰለው።

በ2003 ክላርክና ባልደረቦቹ 60 ሰዎችን ይዘው ይህን ሕክምና ከፍሉኦክሰቲን መድኃኒት ጋር ሲያነጻጽሩ ሕክምናው በለጠ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2013 የክላርክና ዌልስን ወይም የሃይምበርግን ሞዴል የሚከተል፣ ለአንድ ለአንድ የሚሰጥ ሕክምናን በቀዳሚነት መከረ። በቀጣዩ ዓመት 101 ጥናቶችን የመዘነ ዳሰሳም ከዚያው ደረሰ። ይህ ማለት ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም፤ የሠለጠነ ባለሙያም በቀላሉ አይገኝም። ለዚህም ነው የክላርክ ቡድን ሕክምናውን በኢንተርኔት ያዘጋጀው። የባለሙያው ጊዜ እጅግ ቢቀንስም ውጤቱ ፊት ለፊት ከሚሰጠው አላነሰም፤ ከባለሙያው አንደበት ይልቅ ታካሚው ወጥቶ የሚያደርገው ሙከራ እንደሚያድን የሚጠቁም ውጤት ነው።