ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎትና የጊዜ ገደቡ

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ቢከለክልም፣ እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለአደጋ ሲጋለጥና ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው በአንቀጽ 551 ይፈቅዳል። መደፈሯን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ መሆኑን አንቀጽ 552 ይደነግጋል።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ አገልግሎቱን እስከ 28 ሳምንት ሲፈቅድ፣ ከ12 ሳምንት በላይ የሆነውን ለሆስፒታሎች ሰጥቷል።

በመሆኑም በአርሲ ዞን እንደ ጮሌ ባሉ የገጠር ወረዳዎች ተበዳይዋ ሕጉ የማይጠይቀውን የፖሊስ ማስረጃ እንድታመጣ ከተደረገች፣ በጤና ጣቢያ ይፈጸም የነበረው ጉዳይ ወደ ሆስፒታል ይሻገራል። ቤተሰቧ ለመጓጓዣና ለማደሪያ ወጪ ይዳረጋል፤ ገደቡ ካለፈ ደግሞ ሴቲቱ ሕይወቷን ለሚያሰጋ ስውር ውርጃ ትጋለጣለች።