«ግሪን» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ አመጣጥና ትርጉም

«ግሪን» የሚለው ግሥ በምንባብ ውስጥ ሲገኝ «ፈገግ አለ» ተብሎ ብቻ ከተተረጐመ ተማሪው የቃሉን ግማሽ ያጣል። (በፊደላችን ሲጻፍ አረንጓዴ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ቢመስልም፥ የዚህኛው አናባቢ አጭር ነው።)

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ግሬኒያን» ይባል ነበር። ትርጉሙም ከሥቃይ ወይም ከቁጣ የተነሣ ጥርስን ማሳየት እንጂ ደስታን መግለጽ አልነበረም። ዘመዱ የሆነው የጥንታዊ ኖርስ ቃል «ጮኸ» ማለት ነው። ወደ ሰፊ ፈገግታ ያደላው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ነው። ይሁን እንጂ በ16ኛው መቶ ዓመት ማይልስ ከቨርዴል በተረጐመው መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ጠላቶች እንደ ውሻ ጥርሳቸውን ማግጠጣቸው የተገለጸው በዚሁ ግሥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው ትርጉም ግን በዚያው ስፍራ የውሻውን ድምፅ እንጂ ጥርሱን አያነሣም።

አሮጌው ስሜት ፈጽሞ አልጠፋም። እኛ «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» የምንለውን እንግሊዞች በዚሁ ቃል ይገልጹታል። ስለዚህ እንደ አገባቡ «ገለፈጠ» ወይም «አገጠጠ» የሚሉት የአማርኛ ግሦች ይበልጥ ይቀርቡታል፤ በተለይ «ገለፈጠ» ነቀፌታ ስላለበት ለተንኰለኛ ገጸ ባሕርይ ይስማማል። ለደግ እናት ግን አይሆንም፤ በዚያ «ፈገግ አለች» ይበቃል።

የቼሻየር ድመት አባባል ፍራንሲስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው የተራ ሕዝብ ቃላት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሉዊስ ካሮል በ1865 የጻፈላት ድመት ራሷ ስትሰወር፥ ያገጠጠው ጥርሷ ብቻ በአየር ላይ ይቀራል።