የልጆች የዕድገት ካርድ ላይ ያለው መስመር ከየት መጣ?

«ዶክተር፣ ጤና ጣቢያ ልጅሽ ከመስመሩ በታች ናት አሉኝ፤ ታማለች ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። «የእኛ ዘር አጭር ነው፣ ፈረንጅ ባወጣው መለኪያ ለምን እንለካለን?» የሚሉኝም አሉ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳቸው የመስመሩ ታሪክ ውስጥ ስላለ ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርቃ ላይ ቡና የማያውቅ ሰው የለምና ከቡናው እንጀምር። አንድ እፍኝ ፍሬ ዘግናችሁ በመጠን ብትደረድሩት አብዛኛው መካከለኛ ነው፤ በጣም ትልቁና በጣም ትንሹ ጥቂት ነው። የሰው ቁመትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ለክታችሁ በወረቀት ላይ ብትስሉት መሀሉ ከፍ፣ ግራና ቀኙ ዝቅ ያለ የደወል ቅርጽ ይወጣል። የዚህን ኩርባ ቀመር በ1733 ያገኘው አብርሃም ደ ሟቭር ነው፤ የዕጣና የቁማር ጨዋታ ዕድል ሲያሰላ ነበር ያገኘው። በ1809 ካርል ጋውስ ለከዋክብት ልኬት ስሕተት ተጠቀመበት። ወደ ሰው አካል ያመጣው ግን ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ በ1846 የ5,738 የስኮትላንድ ወታደሮችን የደረት ስፋት ይዞ ያው ደወል መሆኑን አሳየ። ኬትሌ አማካዩን ሰው እንደ ትክክለኛ ሰው ይቆጥር ነበር። በዚህ አልስማማም። ልጃችሁ መሀል መስመር ላይ ስላልሆነች ብቻ ጎደላት ማለት አይደለም።

የዚህ ኩርባ ትልቁ ጥቅም ከመሀሉ መራቅን በእርምጃ መለካት መቻሉ ነው። እርምጃው በሳይንሱ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይባላል። ከ100 ጤነኛ ልጆች 68ቱ ከመሀሉ በአንድ እርምጃ ውስጥ፣ 95ቱ ደግሞ በሁለት እርምጃ ውስጥ ይገኛሉ። ከሁለት እርምጃ በታች የሚወርዱት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ካርዱ ላይ የምንፈራው መስመር ይህ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይጎድላቸው ከመስመሩ በታች የሚሆኑ ልጆች አሉ፤ ጥቂት ግን ናቸው።

ሐኪሞች እዚህ የደረሱት በአንድ ጊዜ አይደለም። ሜክሲኳዊው ሐኪም ፌዴሪኮ ጎሜዝ በ1956 የሕፃናትን የምግብ እጥረት ደረጃ ያወጣው በመቶኛ ነበር፤ የልጁ ክብደት ከእኩዮቹ ስንት በመቶ ነው በማለት። ቀላል ነው፣ ግን ያሳስታል። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ክብደት 11.5 ኪሎ ነው፤ 80 በመቶው 9.2 ኪሎ ሲሆን የሁለት እርምጃው መስመር 9.0 ነው፣ ይቀራረባሉ። ቁመቷ ግን መካከለኛው 85.7 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 80 በመቶው 68.6 ይሆናል። ሦስት እርምጃ የወረደችው እንኳ 76 ሳንቲ ሜትር ናት! አንዱ «80 በመቶ» ለክብደት ማስጠንቀቂያ፣ ለቁመት ደግሞ ፈጽሞ የማይደረስበት ቁጥር ሆነ ማለት ነው። በ1977 ጆን ዋተርሎውና ባልደረቦቹ መቶኛው ቀርቶ በእርምጃ እንዲለካ ሐሳብ አቀረቡ።

ክብደት አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ደወሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከ11.5 ሁለት እርምጃ ወደ ታች 2.5 ኪሎ ነው፣ ወደ ላይ ግን 3.3 ኪሎ። መወፈር መክሳትን ያህል ቅርብ ገደብ የለውም። ካርዱ ላይ የላይኞቹ መስመሮች ከታችኞቹ ሰፋ ብለው የተሰመሩት የአታሚ ስሕተት ሆኖ አይደለም።

አሁን ወደ «ፈረንጅ ባወጣው» እንምጣ። ይህ ቅሬታ ለረጅም ጊዜ እውነት ነበረው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1978 ጀምሮ ያሰራጨው መለኪያ ለትንንሾቹ ሕፃናት የተሠራው ኦሃዮ፣ አሜሪካ ውስጥ በተለኩ ልጆች ነበር፤ አብዛኞቹ ነጮች፣ ብዙዎቹም በጡጦ ያደጉ ናቸው። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ በዚያ ሲለካ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ስንት እናት «ወተትሽ አልበቃውም» ተብላ ይሆን?

ከ1997 እስከ 2003 ግን በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ያህል ልጆች ተለኩ፤ ጡት የጠቡ፣ በቂ ምግብና ሕክምና ያገኙ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱ። ውጤቱ ብዙዎችን አስገርሟል። የአክራና የኦስሎ ልጆች ቁመት እኩል ለማለት የሚያስደፍር ነበር፤ በቁመት ላይ ከታየው ልዩነት የአገር ድርሻ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት መለኪያ ከዚህ ጥናት በ2006 ወጣ። አፍሪካዊ ሕፃን ስለተመቸው እንደ ኖርዌጂያን አደገ።

የእኛስ? በ2000 በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሲለኩ፣ በአሁኑ መለኪያ ከ100 ልጆች 58ቱ ከቁመት መስመሩ በታች ነበሩ። በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 ወርዷል። ይህን ነው መቀንጨር የምንለው። ዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወይም ሦስት መሆን ነበረበት፤ ደግሞም ዘር በ16 ዓመት ውስጥ አይለወጥም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ደወሉ ስፋቱ ሳይለወጥ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ቢገፋ ከመስመሩ በታች የሚሆኑት 16 ናቸው፤ ሁለት ቢገፋ 50። 37 ለመድረስ ከአንድ ተኩል እርምጃ በላይ መገፋት አለበት። የተገፋው ደግሞ ሙሉው ደወል ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው የጎረቤት ልጅም መድረስ ከሚችለው ቁመት ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል።

በጌዴኦ ቤት ቆጮ አይጠፋም፤ ያጠግባል፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ከጡት ጋር ባቄላ ወይም አተር፣ እንቁላል፣ ከተገኘ ወተት፣ ጎመንና አቮካዶ ጨምሩበት። ዶሮ ካላችሁ እንቁላሉን ሁሉ ወደ ገበያ አትላኩት፤ አንዱ ለልጅ ይቅር።

ቁመትና ክብደት ቀጣይ ልኬት ናቸው፣ እንደ ደረጃ አይዘልሉም። 79.2 ሳንቲ ሜትር የሆነችውና 79.4 የሆነችው ልጅ በመስመሩ ግራና ቀኝ ቢውሉም በመካከላቸው ያለው ልዩነት ልጅቷ ስትለካ ጉልበቷን ብታጥፍ ከሚመጣው ያነሰ ነው። ስለዚህ እኔ ካርድ ሳይ አንዱን ነጥብ ብቻ አይቼ አልፈርድም፤ ያለፉትን ወራት ነጥቦች አያይዤ ወዴት እንደሚያመሩ አያለሁ። ዝቅ ብሎም ከመስመሩ ጎን ለጎን የሚሄድ ልጅ አለ፤ ከላይ ጀምሮ በየወሩ የሚወርደው ይበልጥ ያስፈራኛል። ካርዱን አትጣሉት፣ በሄዳችሁ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጠሮ የማይጠብቀው ሌላ ነው፦ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ (በጤና ኬላው መለኪያ ቀዩ ላይ ማለት ነው)፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።