«ሲስተም የለም»፦ ከአሰበ ተፈሪ መዝገብ እስከ ሁለቱ ሰርቨሮች

ባለፈው ጭሮ ሄጄ አንድ ባንክ ውስጥ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ከገጠር የመጡ እናት ነበሩ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ልጁ «ሲስተሚን ህን ጅሩ» አላቸው። ሲስተም የለም ማለቱ ነው። እናትየው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና «ታዲያ ብሬ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ ስንት ዓመት የለፋሁት እሷኑ ጥያቄ ለመመለስ ነዋ!

በድሮ ጊዜ መልሱ ቀላል ነበር። ከተማዋ አሰበ ተፈሪ በምትባልበት ዘመን ብርህ ያለው እዚያው ቅርንጫፍ፣ በእጅ የሚጻፍ ትልቅ መዝገብ ላይ ነው። ሂርና ወይም ገለምሶ ሄደህ ቁጠባ ደብተርህን ብታሳይ ሒሳብህን የሚያውቅ የለም። ሲያናድድ! ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ የአንዱ ከተማ መዝገብ ቢበላሽ የሌላው ሥራ አይቆምም።

ኮር ባንኪንግ ሲመጣ መዝገቦቹ ሁሉ አዲስ አበባ ገብተው አንድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያ አንዱ ማሽን ቢወድቅ ጭሮም፣ ሚኤሶም፣ በዴሳም እኩል ይቆማሉ። መፍትሔው ሁለት ማሽን ማቆም ነው፤ ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። ታንደም የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 አንዱ ክፍል ሲወድቅ ሌላው የሚረከብበት «ኖንስቶፕ» የተባለ ኮምፒውተር ሸጧል። ባንኮች ወደዱት። በ1983 ደግሞ ዴክ «ቫክስክላስተር» ብሎ ብዙ ማሽኖች ዲስክ የሚጋሩበትን መንገድ አመጣ።

ከባዱ ነገር ሁለት ማሽን መግዛት አይደለም። መዝገቡ አንድ ነው፣ ጸሐፊዎቹ ሁለት ናቸው፤ ችግሩ ይሄ ነው። ዕቁብ አስቡ። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ደብተር ይጽፋሉ፣ እየተነጋገሩ እስከሠሩ ሰላም ነው። በመሃል ድምፅ ቢቋረጥስ? እያንዳንዱ «ያኛው ሞቷል፣ ኃላፊው እኔ ነኝ» ብሎ የመሰለውን ይጽፋል፤ ደብተሩ አለቀለት። በሙያው «ስፕሊት ብሬን» የምንለው ይሄንን ነው። ለዚህ ሲባል ድምፅ መስጫ ዲስክ ተፈጠረ፤ አብዛኛውን ድምፅ ያላገኘው ማሽን ራሱን ያጠፋል። አዎ፣ ራሱን! ተማሪዎቼ ይሄን ስነግራችሁ ትገረሙ ነበር።

የዩኒክስ ዓለም እያንዳንዱ በየራሱ ሄደ። አይቢኤም በ1991 ለኤአይኤክስ የራሱን የክላስተር ሶፍትዌር አወጣ። ኦራክል በ2001 ከ9አይ ጋር ራክን አመጣ፤ በ10ጂ ደግሞ የክላስተር ሶፍትዌሩንም፣ ኤኤስኤም የሚባለውን የዲስክ አስተዳዳሪም ራሱ ይዞ መጣ። እኔ የደረስኩት በዚህኛው ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) በሁለት ኤአይኤክስ ሰርቨሮች ላይ ስንጭን፣ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሲከሽፍ ድምፅ መስጫው ዲስክ ላይ አሮጌ ምልክት ይቀራል፤ ራስጌውን በዜሮ ካልሞላኸው ዳግመኛ አይጫንም። ወረቀቴ ላይ «ኤችዲስክ 5» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ማሽን ላይ ሆኜ ትእዛዙን ጻፍኩና ጣቴን ኢንተር ላይ አደረግሁ። አብሮኝ ያመሸው ወጣት «ጋሼ፣ ይሄ ዲስክ ምነው መጠኑ ገዘፈ?» አለኝ። ድምፅ መስጫው አንድ ጊጋ እንኳ አይሞላም። ያ ግን 200 ጊጋ ነበር፤ ከአሮጌው ሲስተም የተዛወረው የሠራተኞች መዝገብ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? ኤአይኤክስ ለዲስክ ቁጥር የሚሰጠው ባገኘው ተራ ነው። አንዱ ማሽን 5 ያለውን ሌላው 4 ሊለው ይችላል። ማመን ያለብህ ስቶሬጁ ራሱ የሰጠውን መለያ ነው። ሌላም አለ፤ «ሪዘርቭ ፖሊሲ»ውን «ኖ ሪዘርቭ» ካላደረግህ፣ መጀመሪያ የነቃው ማሽን ዲስኩን ቆልፎ ሌላውን ደጅ ያስጠናዋል። ያን ሌሊት ወረቀቴን ቀድጄ ጣልኩና ሁለታችንም እያንዳንዱን መለያ ጮክ ብለን እያነበብን ከዜሮ ጀመርን። ያ ልጅ ባይኖር ዛሬ ይሄን ስጽፍላችሁ የምትገኙበት ስሜት ሌላ ነበር።

ወደ ጭሮው ሰልፍ ልመልሳችሁ። ልጁን «ሰርቨሩ ወድቆ ነው?» አልኩት። «አይ ጋሼ፣ መስመሩ ነው» አለኝ። አያችሁ፣ አዲስ አበባ ላይ ሁሉ ነገር ጥንድ ጥንድ ነው፤ ሁለት ማሽን፣ ሁለት ኬብል፣ ሁለት የኃይል ምንጭ። ከዚያ እስከዚህች መስኮት ያለው ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ግን ያን ቀን በአንድ መስመር የተንጠለጠለ ነበር። እኛ ባለሙያዎች «99.9 ከመቶ ሠርቷል» ብለን ሪፖርት የምንጽፈው ከማሽኑ ክፍል በር ወዲያ ሳንወጣ ነው። የእናትየው ሰዓት እዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

ለእሳቸው «ብሩ አለ፣ መንገዱ ነው የተዘጋው» አልኳቸው። «መንገድማ ሲዘጋ እናውቃለን» አሉኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መስመሩ መጣ። ብራቸውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩና ባጃጅ ፍለጋ ሮጡ።