«ወዲያው» እንዴት «በቅርቡ» ሆነ? የአንድ የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ «ሱን» ስለተባለው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግስ ነው። ዛሬ ትርጉሙ «በቅርቡ» ወይም «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሶና» ይባል በነበረበት ዘመን ግን «ወዲያው፣ በዚያው ቅጽበት» ማለት ነበር።

ይህ ዕጣ በእርሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። «አኖን»፣ «ፕሬዘንትሊ» እና «ባይ ኤንድ ባይ» የተባሉትም በየዘመናቸው ከ«ወዲያው» ተነሥተው «ቆየት ብሎ» ወደሚል ትርጉም ወርደዋል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማርቆስ 6፥25፣ የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስን ራስ የጠየቀችው «ባይ ኤንድ ባይ» በሚል ቃል ነው። የዛሬ አንባቢ ልጅቱ ለንጉሡ ጊዜ የሰጠችው ሊመስለው ይችላል። የግሪኩ ቃል ግን «አሁኑኑ» ይላል፤ የታሪኩ ጭካኔም ለጸጸት ፋታ ባለመስጠቱ ላይ ነው። በማቴዎስ 21፥19ም በለሲቱ የደረቀችው «ፕሬዘንትሊ» ነው። በ1881 እ.ኤ.አ. የወጣው የታረመው ትርጉም ሁለቱንም ቃላት «ወዲያውኑ» በሚሉ ሌሎች ቃላት ተክቷቸዋል።

መንስኤው ምንድን ነው? እኔ የማየው የሰውን ልማድ ነው። ሰው «ወዲያው» ብሎ ቃል ይገባል፤ ይዘገያልም። ሰሚው ከተስፋው ላይ ጥቂት እየቀነሰ መስማት ይለምዳል፤ ውሎ አድሮ የተቀነሰው ትርጉም ዋናው ይሆናል። እኛም ገና ከቤት ሳንወጣ «መጣሁ፣ ደረስኩ» የምንል ሰዎች ነንና ነገሩ አይጠፋንም።

ለታሪክ ተማሪ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አንድ ሹም ትእዛዙን «ፕሬዘንትሊ» እንዲፈጽም ያዛል እንበል። ቃሉን በዛሬው ትርጉም ካነበብነው፣ ሹሙ ሳምንት ቢቆይ ታዛዥ ነው፤ በዘመኑ ትርጉም ካነበብነው ግን እምቢተኛ ሊባል ይችላል። በአንዲት ቃል ምክንያት የሞተን ሰው ያለ በደሉ እንከሳለን፣ ወይም ያለ አግባብ ነጻ እናወጣለን።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው፤ ያልገባንን ቃል በመዝገበ ቃላት እንፈልጋለን፤ የሚያሳስተን ግን የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። ሰነድ ስታነቡ የቀኑን ያህል የቃሉንም ዕድሜ ጠይቁ።