የልምምድ ክፍልና የሳቢን ትራሶች

በልምምድ ክፍል መደማመጥ የተሳናቸው ሙዚቀኞች አስቀድመው የሚሹት መፍትሔ ድምፅ ማጉያውን ከፍ ማድረግ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ሲጨምር ድራም መቺው ይበረታል፤ ድምፃዊውም በመካከል ይዋጣል። የችግሩ ሥር ግን ብዙ ጊዜ ክፍሉ እንጂ መሣሪያው አይደለም።

በ1895 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፎግ ሙዚየም አንድ የትምህርት አዳራሽ ቃል ከቃል የማይለይበት ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን እንዲያጠና የተጠየቀው የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ከሳንደርስ ቴአትር የወንበር ትራሶች በሌሊት እያስጋዘ፣ የኦርጋን ቧንቧ እያሰማ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ለካ። በባዶው አዳራሽ ከ5 ሰከንድ በላይ የቆየው ድምፅ ትራሶቹ ሲደረደሩ ወደ 1 ሰከንድ ገደማ ወረደ። ከዚህም የድምፅ ቆይታ በክፍሉ ይዘት ልክ እንደሚጨምር፣ ድምፅ በሚመጥ ነገር ብዛት ግን እንደሚቀንስ የሚያስረዳ ቀመር አወጣ። በ1900 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽም በዚሁ ስሌት ታግዞ ታነጸ።

እንግዲህ የልምምድ ክፍል የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ተጨማሪ ማጉያ ከማስገዛቱ በፊት በባዶው ግድግዳ ወፍራም መጋረጃ ያሰቅል፤ ወለሉን ምንጣፍ ያልብስ፤ ያለውንም ማጉያ ወደ ተጫዋቾቹ ጆሮ ያዙር። በጩኸት ብዛት የደነቆረ ጆሮ በጥገና አይመለስምና።